ሁለት ፔንዱለም እንደ ስፒን፦ ሙከራውን የሚያበላሹ ስህተቶች

እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ፔንዱለሞች በለስላሳ ሞላ አያይዛችሁ አንዱን ብቻ ስትለቁት ውዝዋዜው ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ይቆምና ከዚያ ሁሉም ይመለስለታል። ይህን ዝግ ያለ ልውውጥ የሚገልጸው ስሌት፣ ሞላው ደካማ እስከሆነ ድረስ፣ በማግኔት መስክ ውስጥ ያለን የኤሌክትሮን ስፒን (ኤሌክትሮኑን አቅጣጫ እንዳላት ትንሽ ማግኔት የሚያደርገውን ባሕርይ) ከሚገልጸው ጋር አንድ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከከፊራ ገበያ በሚገዛ ሲባጎና የብረት ዳዶ ይሠራል። ሙከራው የሚበላሸው በዕቃ እጦት አይደለም።

እያንዳንዱን ፔንዱለም አንድ ስፒን ማድረግ። ከሁሉም የሚብሰው ይኼ ነው። አንድ ስፒን የሚሆኑት ሁለቱ አንድ ላይ ነው። ውዝዋዜው በሙሉ ግራው ላይ ሲሆን ስፒኑ ወደ ላይ፣ በሙሉ ቀኙ ላይ ሲሆን ወደ ታች ያመለክታል። እኩል ተካፍለው አብረው ሲሄዱ ስፒኑ አግድም ይተኛል፤ እኩል ሆነው በተቃራኒ ሲሄዱ ደግሞ ወደ ተቃራኒው አግድም። ሞላው የአግድሙን ማግኔት መስክ፣ የርዝመት ልዩነት የቋሚውን መስክ ቦታ ይይዛል።

ስፋቱን ብቻ መለካት። ሁለቱ እኩል ሲወዛወዙ ብታገኟቸው ቀጥሎ የሚሆነውን ከስፋታቸው አታውቁም። አብረው ሄደው አብረው ከተመለሱ ልውውጥ የለም፤ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው መሃል ላይ ከሆነ ግን ልውውጡ ይቀጥላል። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና ፌዙን፣ ማለትም እያንዳንዱ በአንድ ቅጽበት ውዝዋዜው የት ላይ እንደደረሰ፣ እዩ።

ርዝመትን በግምት መቁረጥ፣ ከፍ አድርጎ መልቀቅ። 1 ሜትር ላይ የ4 ሴንቲሜትር ልዩነት ድግግሞሹን 2 በመቶ ያህል ይቀይራል። እኩል ቢሆኑ ሄዶ ለመመለስ 100 ሰከንድ በሚፈጅ ልውውጥ፣ በዚህ ልዩነት የሚሻገረው ኢነርጂ ግማሹ ብቻ ነው። በ30 ዲግሪ መልቀቅም የአንዱን ውዝዋዜ ጊዜ 1.7 በመቶ ስለሚያስረዝም ጉዳቱ ከዚህ ብዙም አይተናነስም፤ ከ10 ዲግሪ አትለፉ። ቬንቲሌተሩንም አጥፉት። በድሬ ሙቀት ይህን ደስ ብሎት የሚቀበል ተማሪ አይገኝም፣ ግን ነፋሱ ሁለቱንም ይነካል።

የማነጻጸሪያውን ርዝመት መሳሳት። ስፒን 360 ዲግሪ ዞሮ ሲመለስ በስሌቱ ውስጥ ያለው ምልክቱ ከፕላስ ወደ ማይነስ ይገለበጣል፤ ወደነበረበት የሚመለሰው በ720 ዲግሪ ነው። ይህ በ1975 በኒውትሮን ሙከራ ታይቷል። በፔንዱለም አንድ ልውውጥ፣ ሄዶ መመለሱ፣ 360 ዲግሪ ነው፤ ይህን ለማየት ከማንም ጋር ያልተያያዘ ሦስተኛ ፔንዱለም አጠገባቸው ሰቅላችሁ ከግራው ጋር እኩል፣ በአንድ ጎን ትለቁታላችሁ። ብዙዎች ሦስተኛውን ከሁለቱ እኩል ያደርጉታል። እንዲህ ያለው ፔንዱለም የሚወዛወዘው ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ባላቸው ድግግሞሽ ነው፤ ያኔ ሞላው አይለጠጥማ። ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ግራው ከአንድ ልውውጥ በኋላ ሳይገለበጥ ይመለሳል፣ “ቲዎሪው አልሠራም” ተብሎም ዕቃው ይሰበሰባል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ፣ ቀኙን በእጅ ይዛችሁ ግራው ብቻውን ሲወዛወዝ ባለው ድግግሞሽ የሚሄድ ነው። በ100 ሰከንዱ ምሳሌ 2 ሴንቲሜትር ያህል ማሳጠር ይበቃል፤ 50 ውዝዋዜ የሚፈጀውን ጊዜ ለክታችሁ አስተካክሉት። ከዚያ በመጀመሪያው ልውውጥ ማብቂያ ማነጻጸሪያው አንድ ጫፍ ሲደርስ ግራው ተቃራኒው ጫፍ ላይ ይገኛል፤ በሁለተኛው ማብቂያ ይገጣጠማሉ።

የዙሪኩን ሙከራ አጋኖ መጥቀስ። በ2015 ሱስትሩንክና ሁበር የተባሉ ተመራማሪዎች ዙሪክ በሚገኘው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ 270 ፔንዱለሞችን አያይዘው፣ ንዝረት በጠርዝ በኩል ብቻ እንዲጓዝ አደረጉ፤ ሁለት ዓይነት ንዝረት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል፣ የስፒንን ቦታም ይዟል። ፔንዱለሞቹ ግን ስፒን የላቸውም። እንዲህ በጠርዝ የሚጓዝን ኤሌክትሮን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቀው የራሱ ተፈጥሮ ሲሆን እዚህ የሚጠብቀው የሞላዎቹና የማንሻዎቹ አደራደር ነው፤ አደራደሩ ከተዛነፈ ጥበቃውም ይላላል።

“ኳንተም ሠራን” ማለት። በ1922 ስተርንና ጌርላክ የብር አቶሞችን በማግኔት ሲያሳልፉ ጨረሩ ለሁለት ተከፈለ፤ መሃል ላይ የሚያርፍ አልነበረም። ፔንዱለምን ግን ሳትረብሹት ቀኑን ሙሉ ብታዩት ግማሽ በግማሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚሁ ጋር “አንድ ስፒን ሁለት ፔንዱለም ከሆነ አሥር ስፒን ሃያ ነው” የሚል ስሌት ይመጣል። ሃያው የሚበቃው ስፒኖቹ እርስ በርስ ካልተቆራኙ ብቻ ነው። ከተቆራኙ 1024 ፔንዱለም ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ አዲስ ስፒንም ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል።