በቴክሳስ በተከራየ የግል መሬት ላይ ለማደን ፈቃዱን ከማን ነው የምትጠይቁት?

የቴክሳስ መሬት ከ100 እጅ ከ90 በላዩ የግል ነው፤ ዳላስም ሂውስተንም የሚኖር አዳኝ የሰው ደጅ መጥናቱ አይቀርም። አስቸጋሪው ነገር የማንን ደጅ እንደሚጠና ማወቁ ነው። መሬቱ የአንዱ፣ የግጦሽ ኪራዩ የሌላው፣ የአደን መብቱ ደግሞ የሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ከብት አርቢው ነው። እሱ በደስታ «ግቡ» ቢላችሁም የኪራይ ውሉ የአደን መብት ካልሰጠው፣ የዱር እንስሳት ፖሊሱ ሲመጣ ቃሉ አያስጥላችሁም።

ስለዚህ ከባለቤቱ ጀምሩ። የየካውንቲው አፕሬዛል ዲስትሪክት (ለግብር የመሬት ዋጋ የሚገምተው መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ካርታ አለው፤ መሬቱን ስትነኩት የባለቤቱ ስምና የፖስታ አድራሻ ብዙ ጊዜ በነጻ ይወጣል። ስሙ የድርጅት ወይም የወራሾች ከሆነ የመፈረም ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ሳታጣሩ ገንዘብ አትክፈሉ። የምትጠይቁበት ጊዜም ይወስናል፦ በኖቬምበር፣ ዋናው የአጋዘን አደን ሲጀመር፣ ሁሉም ቦታ ተይዟል። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ውሎች ሲታደሱ ብትደውሉ ይሻላል።

ባለቤቱን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ግጦሹን የተከራየ አለ ወይ? የአደን መብቱስ በማን እጅ ነው? እስከ መቼ? መብቱን ሌላ አዳኝ ከያዘው፣ እንግዳ እንዲያስገባ ወይም አሳልፎ እንዲያከራይ የሚፈቅድ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከብት አርቢው ውሉን ባያሳያችሁ ወይም ቃሉ አሻሚ ቢሆን የባለቤቱንም የአርቢውንም ፊርማ ተቀበሉ። አርቢው ባይቃወም እንኳ ከብቱ የት እንዳለ ሳታውቁ መተኮስ የለባችሁም።

ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ አንድ ገጽ ይበቃል። የሚገቡት ሰዎች ስም፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን፣ የሚታደነው እንስሳ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ መኪና እስከ የት እንደሚገባ፣ ክፍያው በኤከር ነው ወይስ በጠመንጃ (ማለትም በአዳኝ ቁጥር)፣ የተሠራው ማድፈጫና የበቆሎ መመገቢያው በመጨረሻ የማን እንደሚሆን ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ ጭቅጭቅ አይቀርም። ገንዘብ የሚቀበል ባለቤት ከቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ (የዱር እንስሳትንና አደንን ከሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) የአደን ኪራይ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ እንዲያሳያችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ከመግባታችሁ በፊት ወሰኑን ከባለቤቱ ጋር ዙሩት። በዛፍ ወይም በእንጨት ላይ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ጫማ ከፍታ የተቀባ ቀጥ ያለ ወይን ጠጅ መስመር በሕግ «አትግባ» ማለት ነው፤ ጽሑፍ ስለሌለው አዲስ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ጥይት አውቆ ወሰን ማሻገርም ክልክል ነው። የቆሰለ አጋዘን አጥር ዘሎ ጎረቤት ከገባ ተከትላችሁ መግባት አትችሉም፤ የጎረቤቱን ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ።

የባለቤቱ ፈቃድ የእናንተን ላይሰንስ አይተካም። ላይሰንሱ የሚያገለግለው እስከ ኦገስት 31 ነው። ከሴፕቴምበር 2፣ 1971 ወዲህ የተወለደ ሰው በተጨማሪ የአዳኝ ትምህርት ያስፈልገዋል። የአጋዘኑ ዋና ወቅት አብዛኛው ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥም ጿሚ ከሆናችሁ ሰፊ ፍሪዘር አዘጋጁ።

በቀላሉ ፈቃድ የሚገኘው ለዱር አሳማ ነው፤ እርሻ ስለሚያርስባቸው ባለመሬቶች እንዲገደልላቸው ይፈልጋሉ። ሥጋው ለአብዛኛው የእኛ ሰው ስለማይሆን ሬሳው የት እንደሚጣል አስቀድሙ። በግል መሬት ላይ በባለቤቱ ፈቃድ አሳማ ለማደን ከ2019 ወዲህ የአደን ላይሰንስ አያስፈልግም፤ ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። የፌዴራል ሕግ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለን ሰው ጠመንጃ እንዳይዝ ይከለክላል፤ ከክልከላው ከሚያወጡት ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ላይሰንስ ነው። ስለዚህ ባለ ቪዛው ለአሳማም ቢሆን ላይሰንሱን ያውጣ። ግሪን ካርድ ያለው ይህ ክልከላ አይነካውም። የስደት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ግን ጠበቃ ሳያማክር መሣሪያ አይንካ።