የስፓኒሽ ስም በእንግሊዝኛ አፍ አታንብቡ

እዚህ ዲሲ አካባቢ ሬስቶራንትም ሆነ ፓርኪንግ የሰራ አበሻ ከሳልቫዶር ሰዎች ጋር ሳይውል አይቀርም፣ እና እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ፣ የላቲን ፊደል የለመድነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የነሱንም ስም ልክ እንደ ፈረንጆቹ አድርገን ነው የምናበላሸው፣ የኛ አፍ ግን ለስፓኒሽ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ በጣም ይሻላል።

በጣም የምትበላሸው ጄ ነች። በስፓኒሽ "ኸ" ናት፣ ትንሽ ከጉሮሮ። ባጁ ላይ Jorge (ሆርሄ) ተብሎ የተጻፈበትን ሰውዬ ጆርጅ ሲሉት ዞር ይላል፣ አቤትም ይላል፣ ስሙ ግን አይደለም። እዛው ስም ውስጥ ያለችው ጂ (G) ም ከ"ኤ" እና ከ"ኢ" በፊት ስትመጣ ያው "ኸ" ነች።

ደብል ኤል "የ" ነች፣ ቶርቲላ ሳይሆን ቶርቲያ። ኤች ደግሞ ጭራሽ አትሰማም፣ ኦላ፣ ኤርናንዴስ በቃ።

አሁን ኤን ላይ ሞገድ የምትመስል መስመር ያለባትን እዩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ "ኒዮ" እያለ ለሁለት ይሰብራታል፣ እኛ ጋ ግን ኘ ፊደላችን ውስጥ ቁጭ ብላለች! ቃሪያውን ሃላፔኞ በሉ፣ ስሙ ከሜክሲኮዋ ሃላፓ ከተማ የመጣ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚህ ተነስቶ ሌላኛውንም ቃሪያ "ሃባኜሮ" ይለዋል፣ ስህተት ነው፣ ከሃቫና የወጣ ስም ስለሆነ አባኔሮ ነው የሚባለው፣ ኘ የለበትም። ዕድሜ ስትናገሩ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ "አኞስ" ዓመታት ነው፣ "አኖስ" ካላችሁ ግን የፊንጢጣ ስም ጠራችሁ ማለት ነው፣ ሰው ፊት ያሳፍራል።

አናባቢ ላይ እንግሊዝኛው ይጎትታል፣ ፔሶን "ፔይሶው" ይላል፣ ወይ ደግሞ ይውጣል፣ "ኤል ሳልቨዶር"። ስፓኒሽ አ ኤ ኢ ኦ ኡ ብቻ ነው ያለው፣ ሁሌም አጭርና ጥርት ያለ። ኤል ሳልባዶር፣ ቪዋ እንደ "በ" ናት፣ "ዶር" ላይ ጫን በሉ።

አር ላይ ምላስ አትጠቅልሉ። እኛ ማጥበቅና ማላላት እናውቃለን አይደል፣ ገና አልመጣም ስንልና የገና በዓል ስንል እንደምንለየው፣ "ፔሮ" ሲላላ "ግን" ማለት ነው፣ ሯ ጠብቃ ስትንቀጠቀጥ ውሻ።

ዜድ በላቲን አሜሪካ "ሰ" ነች፣ ጎንሳሌስ። ፊደል ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረትም አትዝለሏት፣ የት ጫን እንደሚባል የምትነግራችሁ እሷ ናት፣ ፓፓ መጨረሻው ላይ ጫን ካልተባለ አባት መሆኑ ቀርቶ ድንች ይሆናል። ጎሜስም "ጎ" ላይ ነው ጫን የሚባለው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን መጨረሻው ላይ ይጫናል።

ሎስ አንጀለስን ሎስ አንሄሌስ በሉ አልልም፣ እንግሊዝኛ ስታወሩ የከተማው ስም እንደተለመደው ይሁን። የሰው ስም ግን የሰውየው ነው፣ ካላወቃችሁት ጠይቁት፣ "ኮሞ ሴ ፕሮኑንሲያ ቱ ኖምብሬ?" በሉ፣ ስምህ እንዴት ነው የሚነበበው ማለት ነው፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ በ"ቱ" ፋንታ "ሱ"፣ እንደኛ አንተና እርስዎ ማለት ነው።