የተቀደደ የመጥለቂያ ልብስን በቤት ውስጥ ስለ መጠገን

ከኒዮፕሪን (ለስላሳ ሰው ሠራሽ ላስቲክ) የተሠራ የመጥለቂያ ልብስ ሲቀደድ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጨውና አሸዋው እስኪለቅ ድረስ በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበት የቀረበት ጠርዝ ማጣበቂያ አይዝለትምና። ከዚያም መስኮት ከፍቶ፣ ቅዳጁን በጣት ከፈት አድርጎ በመያዝ፣ ለኒዮፕሪን የተሠራውን ማጣበቂያ በሁለቱም ጠርዞች ላይ ስስ አድርጎ መቀባትና ሳያነካኩ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይገባል። የመጀመሪያው ቅብ ሲደርቅ ሁለተኛው ይደገማል፤ ጣት ሲነካው ያዝ የሚያደርግ ነገር ግን እጅ ላይ የማይቀር ሲሆን፣ ጠርዞቹን ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እያስተካከሉ አጥብቆ መጫን ነው። አንዴ ከተያያዙ መልሶ ማቃናት እጅግ ስለሚያስቸግር እዚህ ላይ ፈጽሞ መቸኮል አይገባም። መስፋት ካስፈለገም መርፌው የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይያዝ እንጂ ወደ ውስጥ አይዝለቅ። ልብሱን እንዲህ በቤት መጠገን ቢቻልም፣ ሬጉሌተሩ ግን፣ ማለትም ከአየር ጋኑ ወደ ጠላቂው አፍ አየር የሚያደርሰው መሣሪያ፣ የጠላቂው እስትንፋስ የተንጠለጠለበት በመሆኑ ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊፈታው አይገባም።