ቁስል ሲያብጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ከሚሸጡት ልጆች ቀረሶ ዓሣ ገዝቼ ቤት ገባሁ። ቅርፊቱን ስፍቅ የጀርባው እሾህ አመልካች ጣቴን ወጋኝ። አንዲት ጠብታ ደም ወጣች። ጠረግኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ማታ ላይ ጣቴ አብጦ፣ ግሎ፣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። እማዬ «ቡና ነስንሺበት» አለችኝ። ጎረቤታችን የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ይዛ መጣች። ወንድሜ ደግሞ «በደንብ ጨምቂው፣ መግሉ ይውጣ» አለ። ሁሉም አስበውልኝ ነው። ግን አንዱም ለጣቴ አይጠቅምም ነበር። ለምን እንደማይጠቅም ልንገራችሁ።

እብጠቱን እንደ ጠላት ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ ከዚህ ነው የሚወለዱት። እሾህ ቆዳ ሲበሳ፣ እዚያው ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁ ሕዋሳት ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ማሳለፍ ይጀምራል። ደም ስለሚበዛ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል። ፈሳሽ ስለሚወጣ ያብጣል። ሰፈር ውስጥ እሳት ሲነሳ ኡኡታ ሰምቶ የሚሮጠውን ጎረቤት አስቡት። በዚያ ክፍተት የሚሮጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ኒውትሮፊል የሚባሉት በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ፣ ጀርሙን ይውጣሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ቀን ሁለት ቀን ቆይተው ማክሮፌጅ የሚባሉት ትልልቆቹ ይመጣሉ። የሞተውን ይጠርጋሉ፣ ቆዳው እንዲጠገንም መልእክት ያስተላልፋሉ።

ይህን ነገር መጀመሪያ በዓይኑ ያየው ተመራማሪው ኤሊ ሜችኒኮቭ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር፣ ሜሲና ላይ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግሥቱ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲያይ ሕዋሳት እሾሁን ከበውታል። በ1908 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የኔን ጣት የወጋው የቀረሶ እሾህ ነው እንጂ ውስጥ የሆነው ያው ነው።

ታዲያ እብጠቱን ስንጨምቅ ምን እናደርጋለን? የተከበበውን ጀርም ወደ ውስጥ እንገፋዋለን። ብጉንጅም እንደዚሁ ነው። መከፈት ካለበት ሐኪም በንጹሕ መሣሪያ ይክፈተው።

ያገኙትን መነስነስ

ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ፣ ናፍጣ። ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል፤ ግን ነጭ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ሊጠርጉት የሚገባ ተጨማሪ ቆሻሻ ነው የሆነባቸው። አልኮል ደግሞ «ካቃጠለ ሠራ» ይባላል። ያቃጠለው ጀርሙን ብቻ አይደለም፣ የራሳችንንም ሕዋስ ነው። በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ የወታደሮችን ቁስል ሲያጠና ያየው ይህንኑ ነው። ኃይለኛ ፀረ ጀርም ጥልቅ ቁስል ውስጥ ካለው ጀርም ይልቅ ነጭ ሕዋሳቱን ይጎዳ ነበር።

የሚሻለው ቀላል ነው። የሚወርድ የቧንቧ ውሃና ሳሙና፣ ደቂቃዎች ወስዶ ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን። የሐይቁን ውሃ ግን ተዉት። ልጆች ዳር ላይ ሲጫወቱ ሲቆረጡ እዚያው እጃቸውን ነክረው ይለቃለቃሉ፤ ሳይ ይጨንቀኛል። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው እጭ ቁስል እንኳ ሳይፈልግ በደህና ቆዳ ይገባል።

ካፕሱል ከፍቶ መበተን

ዱቄቱ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና መግሉን ከሥሩ ያፍነዋል። መጠኑም የማይታወቅ ስለሆነ ጀርሙ መድኃኒቱን እንዲለምድ እናሠለጥነዋለን። «ለማንኛውም» ብሎ መዋጥም ያው ነው። አንቲባዮቲክ ሐኪም ካዘዘ በታዘዘው መሠረት ይወሰዳል።

«ትንሽ ናት» ማለት

መንጋጋ ቆልፍ የሚወደው ሰፊ ቁስልን ሳይሆን ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳን ነው። ምስማር፣ እሾህ። ጀርሙ አፈርና እበት ውስጥ አለ፣ አየር በሌለበት ይራባል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ነው የሚመጣው። ያኔ ቁስሉ ድኖ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ በሰውነት መከላከያ መተማመን አያዋጣም። ሰውነታችን አዲስ ጀርም ሲገጥመው በልኩ የተሠራ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ለማምረት አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ያስታውሰዋል። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ግን በጣም ጥቂቱ ሰው ይገድላል። ያ መጠን መከላከያችን እንዲማርበት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ አንዴ ታሞ የዳነ ሰውም መከተብ አለበት። እናቶች በእርግዝና ክትትል ይከተባሉ። ወንዶች ግን መጨረሻ መቼ እንደተከተቡ ስትጠይቋቸው ዝም ይላሉ። እባካችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ትኩሳትን ሁሉ ምች ማለት

ነጭ ሕዋሳቱ በደም በኩል ለአንጎል መልእክት ይልካሉ፣ አንጎልም የሰውነቱን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ብዙ ጀርም በዚያ ሙቀት እንደልቡ አይራባም። ስለዚህ ትንሽ ትኩሳት ሰውነታችን ሥራ ላይ መሆኑን ነው የሚነግረን። የጋለ ልጅን በጋቢና በብርድ ልብስ መጠቅለል ግን ይብስበታል። ሌላው ደግሞ የጣና ዙሪያ ወባ ያለበት አገር ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ትኩሳት ከመጣ ዳማከሴው ይቆይና መጀመሪያ ደም ይመርመር። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከጋለ ወዲያው ሐኪም ጋ ነው።

ዝም ብሎ መጠበቅ

እብጠት ሥራ ነው ስላልኩ ሁሌም ያሸንፋል ማለት አይደለም። እኔ ያን ማታ ጣቴን አጠብኩ፣ የእብጠቱን ዳርቻ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ አይታይም፤ ስለዚህ በሌላኛው እጄ ጀርባ ሙቀቱን ዳሰስኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙቀቱ ከመስመሩ ውስጥ ቀርቶ ጣቴ ማሳከክ ጀመረ። ንፍፊት ብብቴ ሥር ቢያብጥ፣ ወደ ክንዴ የሚወጣ መስመር ባይ፣ ወይም ብርድ ብርድ ቢለኝ ኖሮ ግን በዚያው ሌሊት ነበር የምሄደው። እናንተም አስምሩ። እብጠቱ መስመሩን ካለፈ እስኪነጋ አትጠብቁ።