የዳይኖሰር ዘመን አጥቢዎችን ጥርስ ከጭቃ ድንጋይ አጥቦ ማውጣት

በዳይኖሰር ዘመን ከኖሩት አጥቢዎች አብዛኞቹ አይጥ አከል ነበሩ። አጥንታቸው ደቅቆ ይጠፋል፤ የሚተርፈው ጥርስ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ። በዓይን ስለማይለቀም ጭቃ ድንጋዩ በጆንያ ተጭኖ ይታጠባል።

መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ክው እስኪል ማድረቅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። እርጥበት የቀረበት ሸክላ ውሃ ውስጥ ድብልብል ሆኖ ይቀራል፤ በደንብ የደረቀው ግን ራሱ ይፈራርሳል። እምቢ ካለ እንደገና አድርቆ፣ ከእሳት ርቆ፣ ጥቂት ሰዓት ነጭ ጋዝ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ ከዚያ ጋዙን አጥልሎ ውሃ መጨመር። ኖራ ያያዘው ድንጋይ ከ5 እስከ 10 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይፈልጋል። ከአሲዱ በኋላ ለቀናት ውሃ እየቀየሩ ያለቅልቁ፤ የቀረው ጨው ሲደርቅ ጥርሱን ይሰነጥቃል።

የወንፊቱ ቀዳዳ 0.5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የመስኮት ወንፊት ትንንሾቹን ያሳልፋል። ሳፋ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያንሳፍፉት እንጂ በእጅ አይሹት፤ የጥርሱ ሥር ይሰበራል። (ቅሪተ አካል ሰብሳቢው ጆን ቤል ሃቸር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ሥራውን ለጉንዳን ትቶት ነበር፤ ጉንዳኖቹ ኩይሳቸውን በጠጠር ሲያለብሱ ጥርሱንም አብረው ያወጡታል።)

ወንፊቱ ላይ የቀረውን አድርቀው፣ ጥቁር ዝርግ ሳህን ላይ ስስ አድርገው በትነው፣ በማይክሮስኮፕ 10 እጥፍ አጉልተው፣ ጫፉ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ይልቀሙ።

ለመለየት ከሥሩ ይጀምሩ። ሁለት ሥር ያለው መንጋጋ ጥሩ ምልክት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የአጥቢዎች ዘመድ የሆኑት፣ ራሳቸው ግን አጥቢ ያልሆኑት ትራይቲሎዶንቲዶችም ባለ ብዙ ሥር ነበሩ። ቀጥሎ አናቱን ይዩ። ሦስት ዋና ሹል ጉብታዎች በአንድ መስመር ከቆሙ፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ዌልስ ውስጥ ይኖር እንደነበረው ሞርጋኑኮዶን ያለ ቀዳሚ ዓይነት ነው። ትንንሽ ጉብታዎች በረድፍ በረድፍ ከተደረደሩ መልቲቱበርኩሌት የሚባለው የጠፋ የአጥቢ ወገን ይሆናል። የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ከኋላው ጎድጎድ ካለ ግን ሙቀጫ ነው፤ ዘነዘናው የላይኛው ጥርስ ውስጠኛ ጉብታ ነው። መቁረጥና መውቀጥ በአንድ ንክሻ! በ1999 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የማዳጋስካሩ አጥቢ አምቦንድሮ ይህን ቅርጽ ከ167 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይዞ ነበር።

ብርሃኑን ከጎን ያብሩና ጥርሱን ያዘንብሉት። ጠፍጣፋ የሚያብረቀርቅ የተፋጨ ገጽ ከታየ ከላይኛው ጥርስ ጋር ተፋጭቷል፤ ዙሪያውን ሁሉ የተላገ ከሆነ ያንከባለለው ወንዝ ነው።

ከተለቀመ በኋላ የቀረውን አይጣሉ፤ ሌላ ሰው ይድገመው። ዓይን ከሁለት ሰዓት በኋላ ጥርስን ከአሸዋ መለየት ያቅተዋል።