አንዴ የሚገፋ፣ አንዴ የሚለግም ኮምፕረሰር፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ መኪናና ባጃጅ የሚቀባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የኮምፕረሰሩን (የአየር መጭመቂያ ማሽኑን) ሬጉሌተር፣ ማለትም የግፊት መቆጣጠሪያውን፣ 2 ባር ላይ አስተካክሎ መቀባት ይጀምራል። የመጀመሪያው ርጭት ይበረታና ቀለሙ ይወርዳል። ሁለተኛው ልክ ይሆናል። አምስተኛው ላይ ይደክምና ቀለሙ ይሻክራል። ከዚያ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል» ይባላል። አልሞተም። እኔ ጋ «ሞተ» ተብለው ከመጡት ውስጥ አብዛኞቹን ያስቸገረቻቸው ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ጎማ ናት።

መሰኪያውን፣ ዘይቱንና የቱቦውን ቀዳዳ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር።

መጀመሪያ ሁለቱን ጌጆች ለዩ። አንዱ የታንኩን ግፊት ያሳያል፣ ሌላው ከሬጉሌተር የሚወጣውን። የታንኩ ጌጅ ከ6 እስከ 8 ባር መካከል በሰላም እየወጣ እየወረደ፣ የመውጫው ብቻ የሚቃዥ ከሆነ ጥፋቱ ሬጉሌተሩ ላይ ነው። የታንኩ ጌጅ ራሱ ከ5 በታች እየወረደ አልመለስ ካለ ፓምፑን እዩ። ሁለቱም ጸጥ ብለው ርጭቱ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ኮምፕረሰሩን ተዉትና የቀለም መርጫውን ፈትሹ።

መርጫውን ስትዘጉ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣል

ይህ ነው ዋናው። በሳምንት አንድ ካልመጣልኝ ይገርመኛል።

ፍተሻው ቀላል ነው። መርጫውን ከፍታችሁ አየር እያወጣችሁ 2 ባር ላይ አስተካክሉ። ከዚያ ዝጉትና 10 ደቂቃ አትንኩት። መርጫው ሲዘጋ የመውጫው ጌጅ ወዲያው ትንሽ መዝለሉ የሬጉሌተር ባሕርይ ነው፣ አያስፈራም። ከዘለለ በኋላ ግን ባለበት መቆም አለበት። እየቀጠለ 2.6፣ ከዚያ 3 ከደረሰ ውስጡ ያለው ቫልቭ አልዘጋም ማለት ነው። ያቺ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመች ትርፍ ግፊት ናት መርጫውን እንደገና ስትከፍቱ የምትቀቡትን የመኪና በር የምታበላሸው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሬጉሌተር ከላይ እጀታ አለው። ከእጀታው ሥር ሞላ፣ ከሞላው ሥር የጎማ ሽፋን አለ። ከሱ ሥር ትንሽ ቫልቭ የነሐስ መቀመጫ ላይ ትቀመጣለች። የመውጫው ግፊት የሞላውን ጉልበት ሲያህል ሽፋኑ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቫልቩ ይዘጋል። በጎማውና በነሐሱ መካከል አንዲት የዝገት ፍንካች ከገባች ግን መዝጊያው አይገጥምም። አየሩ ከ8 ባር ወደ 2 ባር በጥቂት በጥቂቱ ይሾልካል።

ዝገቱ ከየት መጣ? ከውሃ። ውሃውስ? ከአየሩ። ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር ያለውን አየር አስቡት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 ከመቶ ይሁን። ባለ 100 ሊትር ታንክ 8 ባር እስኪሞላ ከውጭ ወደ 1,000 ሊትር አየር ይስባል። ያ አየር ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ይለቃል፤ በአንድ ሙሊት አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚጠጋ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውል ማሽን ምን ያህል እንደሚያጠራቅም እናንተው ገምቱ።

አባይ ማዶ ባጃጅ የሚቀባ አንድ ልጅ ነበር። በአንድ ክረምት ሁለት አዲስ ሬጉሌተር ገዛ። ሁለቱም በወር ውስጥ ያው ሆኑ። ሦስተኛውን ሊገዛ ሲል ማሽኑን ጭኖ አመጣልኝ። «ጋሼ፣ ሁሉም ፎርጅድ ነው» አለኝ። የታንኩን የታች ማፍሰሻ ልፈታ ብል ዝጎ ተጣብቋል። «ይህን ከፍተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ማፍሰሻ መሆኑንም አያውቅም። ስንፈታው ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሞላን። ውሃው እንደ ጠላ ጠቁሯል። የድሮዎቹን ሬጉሌተሮች አጥበን ብንገጥማቸው አንደኛው እስከ ዛሬ ይሠራል። ያንን ልጅ አልወቅሰውም። የሸጠለት ሰው ግን አንድ ቃል ሊነግረው ይገባ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ። ታንኩን ባዶ አድርጉ፤ ጌጁ ዜሮ ቢያሳይም መርጫውን ተጭናችሁ አረጋግጡ። የሬጉሌተሩን እጀታ ሞላው እስኪላላ ወደ ውጭ ፍቱት። ከዚያ የታችኛውን ክዳን ክፈቱ። ቫልቩና ቀጭን ሞላው ይወጣሉ፤ በየትኛው በኩል እንደነበሩ ፎቶ አንሱ። የቫልቩን ጎማ ብርሃን ላይ እዩት። ስስ የክብ ምልክት ያለ ነው። ክቡ ላይ ቁርጥ ወይም የተቀረቀረ ፍንካች ካለ ጎማው መቀየር አለበት። መቀመጫውን በጥጥ እንጨትና በሳሙና ውሃ ጥረጉት፣ በደንብ አድርቁት።

ነሐሱን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። አንዲት ጭረት ሬጉሌተሩን ለዘላለም ታሾልከዋለች። በቲነርም አትጠቡት፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። የውሃ ማጣሪያውን ግልጽ ፕላስቲክ ኩባያ ደግሞ ቲነር ጭራሽ አይንካው። ፕላስቲኩ ሳይታይ ይሰነጠቅና አንድ ቀን ግፊት ላይ እያለ ይፈነዳል። ሲሊኮን ያለበት ቅባትም ወደ ቀለም ቤት አታስገቡ፤ በአየሩ ተሸክሞ ይሄድና ቀለሙ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣል። ኦሪንጉን (ክቡን የጎማ ማሸጊያ) ሲሊኮን በሌለው ግሪስ በስሱ አርጥቡት፣ ይበቃል።

ሁሉን አጥባችሁ ከእጀታው ሥር አሁንም «ሽ» የሚል ከሆነ የጎማ ሽፋኑ ተቀድዷል። ሽፋኑ ለብቻው ከተገኘ ቀይሩት፣ ካልተገኘ ሬጉሌተሩን። ስትገዙ ሳጥኑን ሳይሆን ዕቃውን እዩ። የታች ክዳኑ የማይፈታ ሬጉሌተር አትግዙ፤ እሱን ማጠብ አይቻልም። አብሮት የሚመጣውን ትንሽ ጌጅም አትመኑት። እኔ ከጓደኛዬ ከጎሚስታው ጥሩ ጌጅ ተውሼ አስተያያለሁ። አንድ ጊዜ አዲሱ ጌጅ 2 ሲል የሱ 2.7 አለ። ባለቤቱ ለወራት «ቀለሙ መጥፎ ነው» እያለ ቀለም ሲቀያይር ነበር።

አስተካካይ እጀታውን ስታዞሩ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ኑ። ከ3 ወደ 2 ለመውረድ መጀመሪያ 1.5 ድረስ አውርዱ፣ ከዚያ ወደ 2 አውጡ። ከላይ ወደ ታች ስትመጡ ሞላውና ሽፋኑ በደንብ ሳይቀመጡ ይቀሩና በሁለተኛው ርጭት ቁጥሩ ይንሸራተታል። መርጫው ተዘግቶ ማስተካከል ደግሞ ዋጋ የለውም። አየሩ እየሄደ እያለ አስተካክሉ።

ማፍሰሻውን በየቀኑ ማታ ክፈቱ። 1 ባር ያህል ሲቀር ክፈቱት፤ በ8 ባር ከከፈታችሁት ዝገቱን ዓይናችሁ ላይ ይረጨዋል። ማጣሪያውን ኮምፕረሰሩ አፍ ላይ አትግጠሙት። እዚያ አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃው እንደ እንፋሎት ያልፈዋል። ጥቂት ሜትር የብረት ቱቦ አልፎ ከቀዘቀዘ በኋላ ግጠሙት።

መርጫውን ስትከፍቱ ግፊቱ ዝቅ ይላል

ትንሽ መውረድ ያለ ነው። ከ2 ወደ 1 የሚወርድ ከሆነ ግን መተላለፊያው ጠቧል፦ የተዘጋ ማጣሪያ፣ ቀጭን ቱቦ፣ ወይም ውስጡ የጠበበ መጋጠሚያ። ቱቦውን አሳጥሩና እንደገና ሞክሩ።

የታንኩ ግፊት አይሞላም

የአየር መሳቢያ ፊልትሩን አውጡ። ቀለም ቤት ውስጥ የስቱኮ አቧራ ይደፍነዋል። ቺንጋው ከላላ አጥብቁት። ፓምፑ እየሠራ መዳፋችሁን መሳቢያው ላይ ያዙ፤ አየር ወደ ውጭ እየተፋ ከሆነ የመሳቢያው ቫልቭ ተሰብሯል። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ካለቀ ደግሞ ዘይት አብሮ ይወጣል።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ መሆኗንም አትርሱ። አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሳጥኑ ላይ በደቂቃ 200 ሊትር የተባለው እዚህ የ160ውን ሥራ ነው የሚሠራ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ እረፍት ስጡት።

ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም

አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር የብረት ጀልባ ሊቀቡ ወስደውኝ ነበር። መብራቱን ከሩቅ ቤት በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ስበው አምጥተዋል። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ገመዱ ይግላል። የሞተሩን ማስነሻ ካፓሲተር ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። ኮምፕረሰሩን ቤቱ አጠገብ ወስደን በገመዱ ፈንታ የአየር ቱቦውን አስረዘምነው፤ ወዲያው ተነሳ። የመብራት ገመድ ከምታስረዝሙ ወፈር ያለ የአየር ቱቦ አስረዝሙ።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከአውቶማቲኩ (ግፊቱን አይቶ ሞተሩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ማብሪያ) ሥር አየር የሚያፈስ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአውቶማቲኩ አይደለም። ታንኩ መግቢያ ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ ነው፤ አጽዱት። እሱ ሲያፈስ ፓምፑ ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት ይታገላል።

ርጭቱ ይንተባተባል

የመርጫው የቀለም ኩባያ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ ክፈቱ። ኖዝሉን፣ ቀለሙ የሚወጣበትን ጫፍ፣ አጥብቁ።

ሴፍቲ ቫልቩ ያፈሳል

ይህን በንዴት ነው የምጽፈው። ሴፍቲ ቫልቭ ግፊቱ ሲበዛ አየር አስወጥቶ ታንኩ እንዳይፈነዳ የሚጠብቅ ነው። ሴፍቲ ቫልቩ ስላፈሰሰ አውጥቶ ቦታውን በብሎን የደፈነ ሰው አይቻለሁ። አጠገቡ ሁለት ልጆች ይሠሩ ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ ታንኩን እስካፈስ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴፍቲ ቫልቭ በአዲስ ይቀየራል እንጂ አይደፈንም። ታንኩ ከሥሩ ዝጎ ላብ የመሰለ እርጥበት ካሳየም አታስበይዱት። ሞተሩንና ፓምፑን ፍታችሁ ታንኩን ጣሉት።