የህንድ የብርድ ወቅት ጣፋጮች ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አታድርጉ

ሰሜንና ምዕራብ ህንድ ውስጥ ብርዱ ሲጠና የቤቱ ጣፋጭም ይለወጣል። ፑንጃብ ውስጥ በቅቤ ከተቆላ ዱቄት ፒኒና ፓንጂሪ ይሠራል፣ ራጃስታን በሙጫ የሚሠራው ጎንድ ላዱ (ላዱ ማለት የተድቦለቦለ ጣፋጭ ነው)፣ ጉጃራት አዳዲያ የሚባል የጥራጥሬ ዱቄት ጣፋጭ፣ ማሃራሽትራ ደግሞ ጃንዋሪ 14 አካባቢ ለሚውለው ማካር ሳንክራንቲ በዓል የሰሊጥ ላዱ። ጥሬ ዕቃው ብዙም አይለያይም፦ ዱቄት ወይ ሰሊጥ፣ ንጥር ቅቤ፣ ካሹና አልሞንድ፣ ደረቅ ዝንጅብልና ሄል፣ እንዲሁም የሸንኮራ ጭማቂ ፈልቶ ሲጠጥር የሚገኘው ቡናማ ስኳር፣ ጉር ይሉታል። ቀላል ይመስላል። ግን ቪዲዮ አይቶ የሞከረው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ወይ እጅ ላይ የሚፈረፈር ነገር ነው የሚያገኘው። ዋናው ምክንያት ሁሉንም ነገር በአንድ እሳትና በአንድ ጊዜ መሥራት ነው። እያንዳንዱ የየራሱ እሳት አለው።

የተሳሳተ ሙጫ መግዛት

የህንድ ሱቅ ስትገቡ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፦ ጎንድ እና ጎንድ ካቲራ። ለላዱ የሚሆነው ጎንድ ነው። ከግራርና መሰል ዛፎች የሚገኝ፣ ወርቃማ፣ ብርጭቆ የሚመስል ፍሬ ፍሬ ሙጫ ነው፤ ትኩስ ቅቤ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳና ያብጣል። ጎንድ ካቲራ ግን ከሌላ ተክል ነው የሚመጣው። ነጣ ያለና ቅርፊት መሰል ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲያድር ያብጥና ጄሊ ይሆናል፣ ህንዶች በሙቀት ጊዜ በቀዝቃዛ መጠጥ የሚጠጡት እሱን ነው። ቅቤ ውስጥ ብትጨምሩት አይፈነዳም። ማሸጊያውን በደንብ አንብቡ። አገር ቤት ያላችሁም ብትሆኑ ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ የግራር ሙጫ ካልሆነ አትጠቀሙ፤ ለማጠኛ የተሸጠ ሙጫ እዚህ ቦታ የለውም።

ሙጫውን በኃይለኛ እሳት መጥበስ

ብዙ ላዱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እሳቱ ሲበዛ ውጪው ይቀላል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ይቀራል፤ ያ ጥሬ መሃል ነው በኋላ ጥርስ ላይ ተጣብቆ አልለቅ የሚለው። ትልልቁን ሙጫ መጀመሪያ ሰበር ሰበር አድርጉት። ቅቤውን በመካከለኛ እሳት አሙቁና አንድ ፍሬ ጣሉ፤ ቀስ ብሎ ካበጠ ሙቀቱ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ማንኪያ ብቻ እየጨመራችሁ፣ እያማሰላችሁ ጥበሱ። ሁሉም ነጣ ብሎ ሲያብጥ አውጡት። ሲቀዘቅዝ በስኒ ቂጥ ጫን በሉት። ወደ ዱቄት ከተለወጠ በስሏል፤ መሃሉ ላይ ጠንካራ ነገር ከቆረቆራችሁ ግን መልሳችሁ ጥበሱት። ለ250 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት 50 ግራም ሙጫ፣ 200 ግራም ቅቤና 200 ግራም ጉር ጥሩ መነሻ ነው።

ለላዱም ለቺኪም ጉሩን እኩል ማብሰል

ለላዱ ጉሩ መቅለጥ ብቻ ነው ያለበት። ደቁሳችሁ ከአንድ ማንኪያ ቅቤ ጋር በለስላሳ እሳት ጣዱት፣ ጓጓላው ጠፍቶ አረፋ ማንሳት ሲጀምር አውርዱ። ውሃ አትጨምሩ፣ ላዱው ቶሎ ይሻግታል። እሳት ላይ ትንሽ ከቆየ ደግሞ ላዱው ለጥርስ የማይመች ደረቅ ነገር ይሆናል።

ቺኪ ግን ሌላ ነው። ቺኪ በጉርና በሰሊጥ ወይም በኦቾሎኒ የሚሠራው፣ ቀጭ እያለ የሚሰበረው ነው። እሱ ላይ ጉሩ በደንብ መፍላት አለበት፤ መለኪያ ላለው 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። መለኪያ ከሌላችሁ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ከተለመጠ ገና ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ያኔ አትዘግዩ፦ የታመሰውን ሰሊጥ ቀላቅሉ፣ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ገልብጡ፣ ዳምጡ፣ ሳይደርቅ በቢላ ቁረጡ። በነገራችን ላይ ቺኪ ቅቤ ስለማያስፈልገው ለጾም ይሆናል፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ልክ በህንዶቹ የብርድ ወቅት ነው የሚውለው።

ጉሩን በማር የሚተኩም አሉ። ለቺኪ አይሆንም። ማር እርጥበት ይስባል፣ በማግስቱ ይልፈሰፈሳል።

ዱቄቱን በጥድፊያ መቁላት

ዱቄቱ በቅቤ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ቀለሙ ወርቃማ ሆኖ ሽታው ቤቱን ማወድ አለበት። ከዚያ በፊት ያወረደው ሰው ጥሬ ዱቄት ነው የሚበላው።

የወጥ ቅቤና ኮረሪማ

ይሄ የእኛ የሐበሾች ስህተት ነው። በኮሰረትና በበሶብላ የነጠረ ቅቤ ለወጥ ግሩም ነው፣ ላዱ ውስጥ ግን ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይውጠዋል። ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ተጠቀሙ። ኮረሪማም የሄልን ቦታ አይተካም፣ ጣዕሙ የተለየ ነው። ሄልና ደረቅ ዝንጅብል ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው የሚገቡት። ትኩስ ቅቤ ላይ ከተጨመሩ ያርራሉ፣ ይመራሉም።

ካሹ ከአልሞንድ ቶሎ ይቀላል፣ ስለዚህ ለየብቻ እመሷቸው። ሳይቀዘቅዙ አትፍጩ፣ ዘይታቸው ወጥቶ ይላቆጣሉ። ገልፍ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ይህችን ልብ በሉ፦ አንዳንድ የህንድ አሠራሮች ካስካስ የሚባለውን የፖፒ ዘር ይጨምራሉ። ኤምሬትስ ውስጥ ክልክል ነው። ሻንጣችሁ ውስጥም እንዳይገኝ፤ ያለ እሱም ላዱው ምንም አይጎድልበትም።

ቅመሙን መድኃኒት ነው ብሎ ማብዛት

ህንዶች ጎንድ ላዱና ፓንጂሪን ለአራስ ይሰጣሉ፣ የአብሽ ላዱም ይሠራሉ። ጥሩ ምግብ ነው፣ ኃይል ይሰጣል። ግን አብሽ ሲበዛ ከመምረሩም በላይ የደም ስኳር ሊቀንስ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። እርጉዝ ሴትም ማብዛት የለባትም። ገውዝ ደግሞ ቁንጥር ብቻ ነው፣ ከበዛ ይመርዛል። ጉርም ቢሆን ስኳር ነው። ቀለሙ ቡናማ መሆኑ ለስኳር ሕመምተኛ የተፈቀደ አያደርገውም። ጠዋት በወተት ወይ በሻይ አንድ ላዱ ይበቃል።

ላዱው ሳይቀዘቅዝ መክደን

ላዱ የሚድቦለቦለው ለብ እያለ ነው። ከቀዘቀዘና ከተፈረፈረ አንድ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ጨምሩበት። ከተድቦለቦለ በኋላ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ትሪ ላይ ተዉት። ትኩሱን ከከደናችሁት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ይጠራቀምና በጥቂት ቀን ውስጥ ሻጋታ ታያላችሁ። ውሃ ወይ ወተት ያልገባበት ላዱ በደረቅ ብረት ወይም ጠርሙስ ዕቃ ውስጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። አብሹ በወተት ተዘፍዝፎ ከነበረ ግን ቦታው ፍሪጅ ነው፣ ቶሎ ተበልቶም ይለቅ።